አብርሃም በምን ጸደቀ? ጽድቅ በሃይማኖት እንጂ በሥራ ዋጋ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ሐተታ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አንድ አምላክ ብለን፤ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ4ኛው ምዕራፍ ስለ አባታችን ስለ አብርሃም የተናገረውን ነገር፤ የአባቶችን ፈለግ እየተከተልን እንተረጕማለን። ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። መምህርም ቢሆን መኰንንም ቢሆን፤ ባለጸጋም ቢሆን ድኃም ቢሆን፤ ሰው ሁሉ በእውነተኛው ዳኛ ፊት መቆሙ አይቀርም። በዚያች ቀን ምን ይዤ እቀርባለሁ፤ በምንስ እጸድቃለሁ ብሎ የማይጠይቅ ልብ ወይ ገና አላስተዋለም፤ ወይ ራሱን አታሏል።

ጥያቄውን የሚያከብደው ሁለቱ ሐዋርያት የተለያዩ መምሰላቸው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ አብርሃም በሥራ እንዳልጸደቀ ያስተምራል። ቅዱስ ያዕቆብ ደግሞ በመልእክቱ በ2ኛው ምዕራፍ ያው አብርሃም በሥራ እንደ ጸደቀ ያስተምራል። ሁለቱም ምስክር አድርገው የሚያመጡት በኦሪት ዘፍጥረት በ15ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን አንዱን ቃል ነው። ይህን ያላስተዋሉ ሰዎች በሁለት ወገን ይጠፋሉ። አንዱ ወገን የጳውሎስን ትምህርት ሰምቶ ሃይማኖት ከበቃ ጾምና ምጽዋት ምን ያደርጋል ብሎ እጁን ያጥፋል። ሌላው ወገን የያዕቆብን ትምህርት ሰምቶ የጾመውንና የመጸወተውን እየቈጠረ እግዚአብሔርን ባለዕዳ ያደርገዋል። ፊተኛው በስንፍና፤ ኋለኛው በትዕቢት ይወድቃል። ስለዚህ ነገሩን በየመልኩ እንመረምራለን።

አስቀድሞ ቃሎቹን እንፍታ። ጽድቅ ማለት በዳኛ ፊት እውነተኛ ሆኖ መገኘት ነው። በኦሪት ዘዳግም በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ታዘዘው፤ ሁለት ሰዎች ተጣልተው ወደ ፍርድ ሲመጡ ዳኛው ለእውነተኛው ይፈርድለታል፤ በበደለኛውም ይፈርድበታል። እንግዲህ መጽደቅ የፍርድ ነገር ነው፤ ሰው ለራሱ የሚሰጠው አይደለም፤ ከዳኛው አፍ የሚሰማው ነው።

ሃይማኖት የሚለው ቃል ከሱርስት ወደ ግእዝ የገባ ነው። ሥሩ አምነ ከሚለው ግስ፤ ደግሞም በጸሎታችን ፍጻሜ ከምንለው ከአሜን ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ሃይማኖት ማለት እግዚአብሔር አለ ብሎ ማወቅ ብቻ አይደለም፤ እግዚአብሔር በተናገረው ቃል ላይ ራስን ጥሎ አሜን ማለት ነው።

ተቈጠረለት የሚለው ቃል ደግሞ የሒሳብ ቃል ነው። በጽርዕ ቋንቋ ነጋዴ መዝገቡን ሲያሰላ የሚናገርበት ግስ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም በዚህ በ4ኛው ምዕራፍ ብቻ 11 ጊዜ ይናገረዋል። ይህን ያህል መደጋገሙ ስለምን ነው ቢሉ፤ ጽድቅ ከሰው ወደ እግዚአብሔር የሚከፈል ሳይሆን ከእግዚአብሔር ወደ ሰው የሚጻፍ መሆኑን ሊያስረዳ ነው። ለሠራተኛ የሚሰጠው ደመወዝ ዕዳ ነው፤ ማንም ስጦታ አይለውም። ሳይሠራ ለተሰጠው ግን ስጦታ ይባላል እንጂ ደመወዝ አይባልም። ሐዋርያው የአብርሃምን ጽድቅ ከስጦታ ወገን እንጂ ከደመወዝ ወገን አልጻፈውም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። አብርሃም ከካራን በወጣ ጊዜ ዕድሜው 75 ዓመት ነበረ። ከዚያም በኋላ ብዙ በጎ ሥራ ሠራ። በሄደበት ሁሉ መሠዊያ ሠራ። ከወንድሙ ልጅ ከሎጥ ጋር በማሰማሪያ ነገር ጠብ በተነሣ ጊዜ፤ ታላቅ ሲሆን የመምረጡን መብት ለታናሹ ለቀቀለት። ሎጥ በተማረከ ጊዜ በቤቱ የተወለዱትን 318 ሰዎች አስከትሎ አራቱን ነገሥታት ድል ነሥቶ ምርኮኛውን መለሰ። ለመልከ ጼዴቅ ዐሥራት ሰጠ። የሰዶም ንጉሥ ገንዘብ ውሰድ ቢለው፤ ባለጸጋ ያደረግሁት እኔ ነኝ እንዳይል እስከ ጫማ ማሠሪያ ድረስ ምንም አልቀበልም አለ። ይህ ሁሉ የተጻፈው ከ12ኛው እስከ 14ኛው ምዕራፍ ድረስ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በ15ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ሲገለጥለት አብርሃም ልጅ የሌለው ሽማግሌ ነበር፤ ቤቱን የደማስቆው ሰው ኤልዔዘር ሊወርስበት ነው ብሎ ያዝን ነበር። እግዚአብሔርም ወደ ውጭ አውጥቶ ከዋክብትን አሳየው፤ ዘርህም እንዲሁ ይበዛል ሲል ተስፋ ሰጠው። አብርሃምም አመነ። ጽድቅ ሆኖ የተቈጠረለት ይህ ማመኑ ነው። አንባቢ ሆይ፤ የነገሩን ሥርዓት አስተውል። የጦር ድሉ፤ ዐሥራቱ፤ ቸርነቱ፤ ንጹሕ እጁ ሁሉ ቀድመው በመጽሐፍ ተዘርዝረዋል፤ ነገር ግን የጽድቅ ሒሳብ በተጻፈበት ሰዓት ከእነዚህ አንዱ ስንኳ አልተጠራም። የተጻፈለት በዚያች ሌሊት ባዶ እጁን ሆኖ ወደ ሰማይ እያየ ማመኑ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ሳለ የሮሜን መልእክት በ32 ድርሳናት ተርጕሟል። እርሱም በዚህ ስፍራ ሲያደንቅ፤ ሥራ የሌለው ሰው በሃይማኖት ቢጸድቅ እምብዛም አያስገርምም፤ በምግባር ያጌጠ ሰው በምግባሩ ሳይሆን በሃይማኖቱ መጽደቁ ግን እጅግ ያስደንቃል ብሎ አስተምሯል። ትርጓሜው ይህ ነው፤ አብርሃምን የሚያህል ሰው ሥራውን ዋጋ አድርጎ ካልቈጠረ፤ ከእርሱ በታች ያለን እኛ ምን ቈጥረን እናቀርባለን?

ከካራን መውጣቱስ ሥራ አይደለምን ቢሉ፤ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ለዕብራውያን በተጻፈው መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ እንደ ተነገረ የወጣው በሃይማኖት ነው። ሥራው ከሃይማኖቱ ተወለደ እንጂ ሃይማኖቱን አልገዛውም።

ደግሞም ቅዱስ ጳውሎስ የዘመኑን ቍጥር ይዞ ይሟገታል። አብርሃም እስማኤልን ሲወልድ 86 ዓመቱ ነበረ፤ ይህም በ16ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። በተገረዘ ጊዜ 99 ዓመቱ፤ እስማኤልም 13 ዓመቱ ነበረ፤ ይህም በ17ኛው ምዕራፍ ነው። የጽድቁ ነገር ግን በ15ኛው ምዕራፍ፤ እስማኤል ሳይፀነስ ተጽፎ ነበር። እንግዲህ አብርሃም ጻድቅ ተብሎ ከ13 ዓመት በላይ ሳይገረዝ ኖረ። ሕገ ኦሪትም ለሙሴ የተሰጠው፤ በገላትያ መልእክት በ3ኛው ምዕራፍ እንደ ተነገረ፤ ከተስፋው በኋላ በ430 ዓመት ነው። ስለዚህ አብርሃምን ግዝረት አጸደቀው እንዳንል ግዝረት ገና አልመጣም፤ ኦሪት አጸደቀው እንዳንል ኦሪት ገና አልተጻፈም።

ግዝረትስ ለምን ተሰጠ ቢሉ፤ ሐዋርያው ማኅተም ነው ይለዋል። ንጉሥ ለአንድ ሰው ቃል ከሰጠ በኋላ ደብዳቤ ያጽፍለታል፤ በመጨረሻም ማኅተሙን ያትምበታል። ማኅተሙ የተጻፈውን ያጸናል እንጂ ያልተጻፈውን አይጽፍም። በባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም ቢመታ ለባለቤቱ ምን ይጠቅመዋል? ሃይማኖት የሌለበት ሥርዓትም እንዲሁ ነው። ደብዳቤው ካለ ግን ማኅተሙን መናቅ የንጉሡን እጅ መናቅ ነው። እንግዲህ የሥርዓትን ክብር ከስፍራው አንነቅልም፤ ከስፍራውም አናሳልፍም።

ይህንንም በአገራችን ምሳሌ እንግለጠው። በቀድሞው የመሬት ሥርዓት፤ በ1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ እስኪቀር ድረስ፤ ርስትና ጉልት ልዩ ልዩ ነበሩ። ጉልት ለሹመትና ለአገልግሎት የሚሰጥ ነበር፤ ባለጉልቱ ከሹመቱ ሲሻር ብዙውን ጊዜ ጉልቱም ይነሣው ነበር። ርስት ግን በመወለድ የሚገኝ ነበር። ባለርስት በዳኛ ፊት ሲቆም ይህን ያህል ዘመን አገለገልሁ ብሎ አይሟገትም፤ የአባቱንና የአያቱን ስም ጠርቶ፤ ትውልዱን ቈጥሮ ይሟገት ነበር እንጂ። የክርስቲያን ጽድቅ እንደ ጉልት አይደለም፤ እንደ ርስት ነው። ያገኘነው አገልግለን አይደለም፤ በጥምቀት ከእግዚአብሔር ተወልደን፤ ከክርስቶስ ጋር ወራሾች ሆነን ነው። ይሁን እንጂ ባለርስቱ ርስቴ ነውና ብሎ እርሻውን ትቶ ቢቀመጥ መሬቱን ዳዋ ይውጠዋል፤ ልጆቹ ይራባሉ፤ የአባቱንም ስም ያሰድባል። ያርሳል፤ ይዘራል፤ ያርማል። የሚያርሰው ርስቱን ለማግኘት አይደለም፤ ርስት ስላለው ነው።

እንግዲህ ቅዱስ ያዕቆብስ እንደምን በሥራ ጸደቀ አለ ቢሉ፤ የሚናገርበትን ዘመንና የሚከራከረውን ሰው ለይተህ እይ። ቅዱስ ጳውሎስ የሚጠቅሰው 15ኛውን ምዕራፍ ነው፤ በዚያ ጊዜ ይስሐቅ አልተወለደም። ቅዱስ ያዕቆብ ግን የ15ኛውን ቃል ከ22ኛው ምዕራፍ ጋር ያያይዘዋል፤ በዚያ ጊዜ ይስሐቅ ተወልዶ፤ አድጎ፤ የመሥዋዕቱን እንጨት ለመሸከም ደርሶ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ዘመን ብዙ ነው። ያዕቆብም አስቀድሞ የተጻፈው ቃል በዚያን ጊዜ ተፈጸመ ይላል እንጂ ያን ጊዜ ተጀመረ አይልም። ወርቅ በእሳት ሲፈተን እሳቱ ወርቅ አያደርገውም፤ ወርቅ መሆኑን ይገልጣል እንጂ። የሞሪያ ተራራም ለአብርሃም ሃይማኖት እንዲሁ ነበረ።

የሚከራከሩትም ሰው አንድ አይደለም። ጳውሎስ የሚከራከረው በግዝረቱና በሕጉ ከሚመካ ሰው ጋር ነው። ያዕቆብ የሚከራከረው ወንድሙ ታርዞና ተርቦ ሲመጣ በደኅና ሂድ፤ ይሙቅህ፤ ጥገብ ብሎ በባዶ ከሚያሰናብት ሰው ጋር ነው። አጋንንትም እግዚአብሔር አንድ መሆኑን ያውቃሉ፤ ይንቀጠቀጣሉም፤ ነገር ግን እውቀታቸው አላጸደቃቸውም። ያዕቆብ ሞተ ያለው ይህን የመሰለውን የአፍ ሃይማኖት ነው። ጳውሎስም እንዲህ ያለውን ሃይማኖት አላመሰገነም፤ በገላትያ መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ የሚጠቅመው በፍቅር የሚሠራ ሃይማኖት ነው ብሎ አስተምሯል፤ በኤፌሶን መልእክት በ2ኛው ምዕራፍም መዳናችን ከሥራ እንዳልሆነ ከተናገረ በኋላ ወዲያው ለበጎ ሥራ እንደ ተፈጠርን ይናገራል። እንግዲህ አንዱ ስለ ሥሩ፤ አንዱ ስለ ፍሬው ይናገራል። ፍሬ ሥርን ሕያው አያደርገውም፤ ነገር ግን ፍሬ የማይሰጥ ዛፍ ሥሩ መድረቁ ይታወቃል።

መጽሐፍ አዋቂ የሆነ ሰው ምናልባት የፊንሐስን ነገር ያነሣል። በእኛ ቍጥር በ105ኛው መዝሙር ፊንሐስ ተነሥቶ ባደረገው ነገር ጽድቅ ሆኖ ተቈጠረለት ተብሏልና። መልሱ ይህ ነው፤ ፊንሐስ የአሮን የልጅ ልጅ፤ ቃል ኪዳን በተገባለት ሕዝብ መካከል የቆመ ካህን ነበር። ያ ሥራ ከቃል ኪዳን ውጭ የነበረውን ሰው ወደ ውስጥ አላስገባውም፤ በውስጥ የነበረውን ሰው ቅንዓት መሰከረለት እንጂ። ስለዚህ ፊንሐስ ከ22ኛው ምዕራፍ ወገን እንጂ ከ15ኛው ምዕራፍ ወገን አይደለም።

በዚህ ነገር በክርስቲያኖች መካከል ብዙ ክርክር ሆኗል። ጲላግዮስ የተባለው መምህር የሰው ፈቃድ ያለ ጸጋ ረዳትነት ለጽድቅ እንደሚበቃ ቢያስተምር፤ በ418 ዓመተ እግዚእ በሰሜን አፍሪቃ በቅርጣግና የተሰበሰቡ ኤጲስ ቆጶሳት ትምህርቱን አወገዙ። በፈረንጆች ቍጥር በ1517 ማርቲን ሉተር በጀርመን አገር ስለ ኀጢአት ስርየት ወረቀት ሽያጭ ክርክር አነሣ፤ ጽድቅ በሃይማኖት ብቻ ነው ማለቱም የምዕራቡን ቤተ ክርስቲያን ከፈለ። የሮማ ካቶሊክም በ1547 በትሬንት ጉባኤ የራሷን ውሳኔ ጻፈች። ከ450 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ1999 በአውግስቡርግ ከተማ የሉተራውያን ማኅበርና የሮማ ካቶሊክ በአንድ ሰነድ ላይ ፈረሙ፤ የቃሉም ፍሬ ነገር ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ የሚወደደው በጸጋና በክርስቶስ በማመን እንጂ በራሱ ዋጋ እንዳልሆነ፤ መንፈስ ቅዱስም ያመነውን ሰው ለበጎ ሥራ እንደሚያስነሣው ነው። የምሥራቅ አባቶች ደግሞ ነገሩን በመድኃኒት ምሳሌ ማስተማር ይወዳሉ፤ በሽተኛ መድኃኒቱን አልሠራውም፤ አልገዛውምም፤ ነገር ግን ይጠጣዋል፤ ከጠጣውም በኋላ ተነሥቶ ይሄዳል።

ሃይማኖት ራሱ ዋጋ ሊሆን አይችልምን፤ አመንሁና ይገባኛል ብሎ መመካት አይቻልምን ቢሉ፤ አይቻልም። የለማኝ እጅ ሲዘረጋ ምጽዋቱን አይገዛውም፤ ይቀበለዋል እንጂ። አብርሃም ባመነ ጊዜ የራሱን ሰውነት ቢያይ ለመውለድ የሞተ ያህል ነበር፤ ሣራም መካን ነበረች። ሃይማኖቱ ወደ ራሱ የሚያይ ቢሆን ኖሮ ምን ተስፋ ያገኝ ነበር? ሃይማኖት ከራሱ ላይ ዐይኑን አንሥቶ ተስፋ የሰጠውን የሚያይ ነው።

በቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ እይ። ጾም አልነበረውም፤ ምጽዋት አልነበረውም፤ የሰረቀውን ለመመለስ ጊዜ አልነበረውም። እጁና እግሩ ታስሮ ምላሱ ብቻ ቀርታለት ነበር። ነገር ግን በዚያች በቀረችው ሰዓት ጓደኛውን ገሠጸ፤ በደሉን አመነ፤ የጌታን ንጽሕና መሰከረ፤ አስበኝ ብሎ ለመነ። ሃይማኖቱ አጸደቀችው፤ መስቀሉ የተወለትንም ሥራ ሁሉ ሠራች። ሥራ ለመሥራት ጊዜ አጣ እንጂ ፍሬ የሌለው ሃይማኖት አልነበረም። ስለዚህ ዕድሜና ጤና ያለው ሰው ወንበዴውን ለስንፍናው ምክንያት ሊያደርገው አይገባውም።

እናንተ በፍርድ ወንበር የምትቀመጡ መኳንንት ሆይ፤ መማለጃ ፍርድን እንደሚያጣምም ከሁሉ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እግዚአብሔር ፊት አይቶ የማያዳላ፤ መማለጃም የማይቀበል ዳኛ መሆኑ በኦሪት ዘዳግም በ10ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። እንግዲህ ድኃውን ቀምቶ ቤተ ክርስቲያን የሚያሠራ፤ ሠራተኛውን ደመወዝ ከልክሎ ተዝካር የሚያወጣ ሰው፤ ምጽዋቱን መማለጃ ማድረጉ ነው፤ ዳኛውንም እንደ ምድር ዳኛ መቍጠሩ ነው። ምጽዋት መልካም ነው፤ ነገር ግን ይቅርታ ለመግዛት ሳይሆን ይቅርታ ስለ ተቀበላችሁ ስጡ። እንዲህ የሰጠ ሰው ምስክር አይፈልግም፤ ስሙም በደጃፉ ላይ ባይጻፍ አይከፋውም።

እናንተም ነፍሳትን የምትጠብቁ ካህናት ሆይ፤ ይህ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ነው። አንዱ ያሠራውን ደብርና የሰጠውን ንዋየ ቅድሳት እየቈጠረ ያጽናናኝ ይላል። በሉቃስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየጾመ፤ ዐሥራትም እያወጣ ሳይጸድቅ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ፈሪሳዊ አስቡለት፤ ቍጥሩንም ትቶ እንደ ቀራጩ ምሕረት ይለምን ዘንድ በየዋህነት ምከሩት። ሌላው ደግሞ የሰጠሁት የለኝም፤ ኀጢአቴ ብቻ ነው ያለኝ ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። ለእርሱ ባዶ እጁን ሆኖ ከዋክብትን ያየውን አብርሃምን ንገሩት፤ በንስሓ ይቅረብ፤ ሥጋውንና ደሙን ይቀበል፤ በሞተለትና በተነሣለት ይታመን። ድኃውን ገንዘብ ስለ ሌለው የምታስጨንቁት፤ ባለጸጋውንም ገንዘብ ስላለው የምታባብሉት ብትሆኑ፤ ወንጌልን በሚዛን መሸጣችሁ ነው።

እንግዲህ ጸጋ ይበዛ ዘንድ በኀጢአት እንኑርን የሚል ቢኖር፤ ይህን ጥያቄ ሐዋርያው ራሱ በ6ኛው ምዕራፍ አንሥቶ አይሆንም ብሎ ዘግቶታል። ከባርነት የወጣ ሰው ነፃነቱን ያገኘው ወደ ቀድሞ ጌታው ተመልሶ ሊያገለግል አይደለምና።

ነገሩን ሰብስበን ስንፈጽም፤ አብርሃም አስቀድሞ አመነ፤ ጸደቀ፤ ከዚያ በኋላ ተገረዘ፤ ከዚያም በኋላ ልጁን አቀረበ። ይህን ሥርዓት የሚያገላብጥ ሰው ሰላም አያገኝም፤ ምን ያህል ቢሠራ ይበቃል ብሎ ሲጨነቅ ይኖራልና። ይህን ሥርዓት የሚቈርጥ ሰውም ራሱን ያታልላል፤ የአብርሃምን ከዋክብት ወድዶ የአብርሃምን ተራራ ጠልቷልና። እኛ ግን በስጦታው ቆመን፤ ለስጦታው የሚገባ ሥራ እንሥራ።

የአብርሃምን ሃይማኖት የቈጠረ እግዚአብሔር የእኛን ደካማ ሃይማኖት ያጽና፤ በፍቅርም ፍሬ እንዲሰጥ ያድርገው። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ዛሬም ዘወትርም ለዘለዓለሙ፤ አሜን።